በሬ ያጣ ዕድል ይቀናጃል

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻችንን ነን። ቤታችን የሣር ክዳን ነው። ሣሩ አርጅቶ ጠቁሯል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስትና ጣሳ እየደረደርን ጠብታ እንቀበላለን። ሣር እንደሆነ በጋምቤላ ሞልቷል፣ ሰው ይውጣል። እናቴ ግን ክዳኑ አይነካም አለች።

«የምለቀውን ቤት ምን ብዬ እከድናለሁ?»

አዎ፣ እናቴ ልትለቅ ነበር። በሰፈራው ዘመን ከወሎ በልጅነቷ የመጣች ናት። አባቴ እያለ «ወሎ» የሚለው ቃል ከአፏ የሚወጣው ለወግ ብቻ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ግን መንገድ ሆነ። ባለፈው ዓመት ጎተራችን ቀድሞ ተራቁቶ የክረምቱን አጋማሽ በጎመን ቅጠል ነው ያሳለፍነው። እናም አንድ ቀን ቁጭ አድርጋ ቁርጡን ነገረችኝ፤ የዘንድሮው እህል የዓመት ቀለብ ካልሆነን፣ ትላልቅ ወንድሞቿ ዘንድ ወሎ እንገባለን።

እኔ ወሎን የማውቀው በእናቴ አፍ ነው። ብርዱን፣ ገብሱን፣ የምንጩን ውሃ እንደ ተረት እወደዋለሁ። ግን እዚያ መሬት የለኝም። እዚያ ስሄድ መጀመሪያ የአጎቶቼ ቤት እንግዳ፣ ከዚያ የአጎቶቼ ቤት ሠራተኛ፣ ከዚያ ደግሞ የማላውቀው ሰው ሚስት ነው የምሆነው። እዚህ ግን አባቴ የመነጠረው፣ እኔ የቆፈርኩት ማሳ አለኝ። አልሄድም አልኩ። ለእናቴ አፍ አውጥቼ አልነገርኳትም እንጂ በልቤ ጨርሻለሁ።

አልሄድም ማለት ግን እህል አይሆንም።

ማሳችን ከመንደሩ ጀርባ ከፍታው ላይ ነው። ጎርፍ አይደርስበትም። ዝናብ ካላቋረጠ ይሰጣል፤ ግን ስስታም መሬት ነው፣ ሲሰጥም ቆንጥሮ ነው። አጠገቡ የአጎቴ ማሳ አለ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሚስት ያላገባ፣ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው። እሱ ከዚህ ማሳ ሌላ ባሮ ዳር አንድ አኙዋ ዓሣ አስጋሪ ወዳጁ ያዋሰው መሬት ነበረው። የወንዝ ዳሩ አፈር ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ በቆሎው እንደ ሸምበቆ ይቆማል። ባሮ ታግሶ ከሞላ ጎተራ አይበቃውም። ቀድሞ ከሞላ ደግሞ አገዳም አይተርፍ። ስለዚህ አጎቴ በየዓመቱ ግማሽ ልብ ሆኖ ያርስ ነበር። ጥቂት ወንዝ ዳር ይዘራል፣ ጥቂት ከፍታው ላይ ይዘራል፣ በሁለቱ መሃል ሲሮጥ ሁለቱንም አረም ይበላበታል።

ነገሩ የተጀመረው በካርታ ነው።

ግንቦት መግቢያ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ አፈሩ ለዶማ እንቢ አለ። እንዲህ ሲሆን እኛ ቤት እንሰበሰባለን፤ አጎቴ፣ ዓሣ አስጋሪው ወዳጁ፣ ጎረቤታችን እና እኔ። ጎረቤታችን ከእነ እናቴ ጋር ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ልጅ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፣ በምላስ ከሁላችንም ትበልጣለች። የምንጫወተው በለውዝ ነው፤ በብር መጫወት እናቴ ቤት ውስጥ አይታሰብም። ሦስት ሦስት ካርታ ይታደላል። ካርታውን ያመነ መሃል ላይ ለውዝ ይጨምራል፣ የፈራ ካርታውን ይጥላል፣ መጨረሻ ላይ የሚበልጥ የያዘው ሁሉንም ያፍሳል። ለውዙ ያለቀበት ከክቡ ወጥቶ ለሌሎቹ ለውዝ ይቆላል። የእኔ መጨረሻ ሁልጊዜ ምድጃው ነበር። በድፍረት ተሸንፌ እንዳይመስላችሁ። እየጣልኩ፣ እየጣልኩ፣ ለመግቢያ በማስቀምጠው ብቻ ለውዜ ያልቅብኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ካርታ ነው እኮ፣ እባብ አይደለም» ትለኛለች ጎረቤታችን።

«ተዪአት» ይላል ዓሣ አስጋሪው፤ አማርኛውን ቆጥቦ ነው የሚናገረው። «እሷ ለውዝ ቆንጆ ትቆላለች።»

ያን ቀን አጎቴ ካርታውን እየበወዘ ቀና ብሎ አየኝና «እሜቴ፣ ዛሬ እኔና አንቺ እንካፈል» አለ። «ብታሸንፊ ግማሹ የእኔ፣ ብትሸነፊም ግማሹ ኪሳራ የእኔ፤ የእኔም እንደዚያው የአንቺ።»

ጎረቤታችን ብድግ አለች። «ይሄማ ሌብነት ነው!»

«ሌብነት የሚሆነው በስውር ሲሆን ነው። እኔ ባደባባይ አውጄአለሁ። ደግሞ አንድ ዙር ላይ ሁለታችንም አንቆይም፤ አንዳችን ለውዝ ከጨመርን ሌላችን እንጥላለን። ይበቃሻል?»

«እሺ። ዓይኔ ግን እጅህ ላይ ነው።»

እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ! ሰው ኪሳራው ግማሽ ሲሆን ካርታው ሌላ ይመስለዋል። ሌላ ቀን የምጥለውን ደህና ካርታ ያዝኩና ለውዝ ጨመርኩ። ጎረቤታችንም ጨመረች። ደግሜ ጨመርኩ። ጣለች! መሃል ያለውን ለውዝ ወደ ራሴ ጠራረግኩ።

«ወይ ጉድ፣ ጫጩቷ ጮኸች» አለች ጎረቤታችን።

ጣፈጠኝ። የሚቀጥለውን ገባሁ፤ የሚቀጥለውንም። በአራተኛው ካርታዬ ሲገለጥ አንድም የረባ ነገር የለበትም።

«ምን አይተሽ ነው የገባሽው?» አለኝ አጎቴ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ግማሹ ኪሳራ ያንተ ነው ብዬ።»

ጥግ ይዛ ዘር የምትለቅመው እናቴ እንኳ ሳቀች። አጎቴ ግን አልሳቀም፤ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ሳይስቅ ሲቀር ሰው ይሰማል። «ስሚ እሜቴ» አለኝ። «ተካፈልን ማለት ካርታው ተሻሻለ ማለት አይደለም። የቀነሰው ፍርሃትሽ ነው። ደካማ ካርታ ብንካፈለውም ደካማ ነው። ደህናውን እንዳትጥይ ነው የተካፈልነው እንጂ መናኛውን እንድታሳድጂ አይደለም።»

ከዚያ ተጠነቀቅኩ። ይልቅ ጉዱ የመጣው በእሱ ነው። ጥሩ ጥሩ ካርታ እየያዘ ሌላው ትንሽ እየበለጠው ለውዙ አለቀ። ዓሣ አስጋሪው በአገጩ ምድጃውን አሳየው። እኔ ግን ያለኝን ከሁለት ከፍዬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ውላችን ነዋ! ጎረቤታችን ብትጮህም ተቀመጠ። ከጥቂት ዙር በኋላ ሌላው ሁሉ ያመነበት ካርታ ላይ እሱ የበለጠ ይዞ ተገኘና መሃል የነበረውን ክምር በሁለት እጁ አቅፎ ወሰደ። ያን ቀን ለውዝ የቆላችልን ጎረቤታችን ናት።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል እናቴ አጠገብ ዘር እየለቀምኩ ሳለሁ አጎቴ መጣ። ከሌሊት ጀምሮ ሲመላለስብኝ የነበረውን ነገር አወጣሁት።

«አጎቴ፣ እርሻውንም እንካፈል። ያንተም የእኛም አንድ ቦታ ይከመርና እኩል ይከፈል።»

እናቴ እጇ ስፌዱ ላይ ቆመ።

«መቀናጆ በይው ታዲያ» አልኳት ቶሎ ብዬ። ቃሉን ከእሷ ነው የሰማሁት። በአገሯ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ማለት ያ ነው። እዚህ ግን በሬ የለንም። ሰፈራው ጊዜ የተሰጣቸውን በሬ ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታ ፈጀው፤ ከዚያ ወዲህ በዶማ ነን።

«በሬ በሌለበት ምን ልትቀናጁ?» አለች።

«ዕድል። አንድ አንድ ዕድል አለን አይደል?»

«የእሱ ዕድል ያልተገራ ወይፈን ነው።»

«የአንቺስ ተኝቶ የሚያመነዥክ አሮጌ በሬ አይደለም እንዴ፣ እታለም?» አለ አጎቴ። «እንግዲህ ማጣመድ ነዋ!»

ተጣመድን። የሚገርማችሁ ያኔውኑ የሁለታችንም አስተራረስ ተለወጠ። አጎቴ በሁለት ማሳ መሃል መሮጡን ተወ። የከፍታውን ማሳ «እናንተ ዝሩበት» ብሎ ሰጠንና ጉልበቱን ሁሉ ወንዝ ዳር አደረገ። ከፍታው ላይ እኛ እስካለን ድረስ ባሮን መፍራት አላስፈለገውም። እኔም ስስታሙን መሬት ሳልንቀው አጥብቄ ያዝኩት።

ማለቴ፣ ልይዘው ነበር። አንድ ጠዋት አጎቴ ዓይኑ እያበራ መጣ። ከእሱ ማሳ ጎን ያለው መሬት ጾሙን ሊያድር ነው፤ ወዳጁ ለእኔም ሊያውሰኝ ፈቅዷል። «አስቢው፣ የእኔም የአንቺም እዚያ ሲቆም! ወሎ ያሉት ወንድሞቻችን መጥተው ይለምኑናል።» ልቤ ዘለለ። የተመረጠውን የበቆሎ ዘር በጆንያ ቋጥሬ ራሴ ላይ አድርጌ ስወጣ እናቴ በር ላይ ተቀምጣለች።

«ወዴት?»

«ወንዝ ዳር።»

«እሱም እዚያ፣ አንቺም እዚያ?»

«አዎ። ከተካፈልን ምን ያስፈራል?»

እናቴ መለቀም የጨረሰችውን ዘር በእፍኟ እያፈሰሰች ቆየች። «አባቴ ከጎረቤቱ ጋር ሲቀናጅ አይቻለሁ» አለች። «ማጥ ውስጥ አንዱ በሬ ሲሰምጥ ሌላው ደረቅ ረግጦ ጎትቶ ያወጣዋል። ሁለቱም ማጥ ከገቡ ግን ቀንበሩ አብሮ ይሰምጣል እንጂ ማን ማንን ይጎትታል?»

ጆንያው ራሴ ላይ ከበደኝ። ካርታው ላይ «አንድ ዙር ላይ ሁለታችንም አንቆይም» ያልነው ጎረቤታችንን ዝም ለማሰኘት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ውሃ የሚወስደውን ሁለት ማሳ መካፈል መካፈል አይደለም፤ አንድ ትልቅ ማሳ ማጣት ነው። ጆንያውን አወረድኩና ወደ ከፍታው ይዤው ወጣሁ። አጎቴ አንድ ሳምንት ሙሉ «የአሮጌ በሬ ልጅ» እያለ ሲጠራኝ ከረመ።

ልትሄድ የቆረጠች እናቴ ለምን እንደመከረችኝ ያን ጊዜም አልጠየቅኳት። እርሻ ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አትችልም፤ የማትቆይበት አገር እርሻ ቢሆንም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እኛ ጋ ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም። ደጋው ላይ ዘንቦ ነው። ባሮ ከመደበኛው ጊዜው ቀድሞ ቀይ ሆኖ አብጦ መጣ። የአጎቴ በቆሎ ጭራው ወጥቶ፣ ፍሬ ሊይዝ ነበር። ከሰዓት ላይ ደረቱ ድረስ ረጥቦ፣ ዶማውን ብቻ ይዞ ቤታችን ገባ። እናቴ ጋቢ አለበሰችው። ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«እታለም፣ ወይፈኑ ገደል ገባ።»

መስከረም ላይ እኛ አጨድን። ስስታሙ መሬት ያን ዓመት እጁን ፈታ አድርጓል፤ ሁለቱንም ማሳ አንድ ልብ ሆኜ አርሜያለሁና። የበቆሎው ክምር ግቢያችን ውስጥ ሲቆም እናቴ ዙሪያውን ዞረችና ዓይኗ የሚሰፍረውን ሰፈረች። ሁሉም የእኛ ከሆነ ዓመቱን ያደርሰናል። ግማሹ ከሄደ አያደርሰንም። ከማሳው ጥግ የዘራነው ማሽላ ገና ቢቆምም ከወፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን እሷም አወቀች፣ እኔም አወቅኩ። አጎቴም አውቆ ነው መሰለኝ እህሉ በሚሰፈርበት ቀን አልመጣም።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እህ፣ ካርታው ዛሬ ነው የሚገለጠው!» አለች።

«ስጪው» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ወንድሜ ነው፣ ይራበው አልልም። የሚበላውን ያህል ስጪውና ውሉ እዚህ ላይ ይብቃ።»

«የሚበላውን አይደለም እማ፣ ግማሹን ነው። ውሉም አይበቃም።»

«ግማሹ ከሄደ መንገደኞች ነን። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«አልሄድም የምትዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች። በልቤ ይዤው የነበረውን ለካ ታውቀው ኖሯል።

«ለዚህ ነው እኮ የምሰጠው! እህሉን ብንይዘው ዘንድሮን እንቆያለን፣ እሱ ከእጃችን ይወጣል። የሚመጣው ዓመት ስስታሙ መሬት ቢነሳንስ ማን ይጎትተናል? በሬው ሲሰምጥ ቀንበሩን ከፈታሽማ መቀናጆ አልነበረም ማለት ነው።»

መልስ ሳልጠብቅ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አጎቴ ከወዳጁ ጋር ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«እኔ ከክቡ ወጥቻለሁ» አለኝ ሊስቅ እየሞከረ። «ለውዝ ልቁላላችሁ? አቦቦ ያለው ሩዝ እርሻ ውስጥ የቀን ሥራ አለ ይላሉ፣ እዚያ ልሄድ ነው።»

«አትሄድም። ግማሹ ያንተ ነው። ናና ውሰድ።»

«እሜቴ፣ ነገሩን እያወቅሽ...»

«ለውዝህ ሲያልቅ ከእኔ ከፍዬ አላስቀመጥኩህም? ያኔ ባላስቀምጥህ ያን ክምር ማን ያፍሰው ነበር?»

አጎቴ የሚጠግነውን መረብ አስቀመጠ። ዓሣ አስጋሪው መረቡን ሳይለቅ በአፉ ወደ ወንዙ አመለከተ። «ውሃ እየወረደ ነው። ጭቃው አዲስ ነው። እኛ አሁን እንዘራለን፣ ውሃ ሲሸሽ እየተከተልን።» ከዚያ አጎቴን አየው። «ዘር ያለው ሰው ሩዝ እርሻ አይሄድም።»

አጎቴን ይዤው ስመለስ እናቴ ቁናውን ይዛ ክምሩ አጠገብ ቆማለች። ልለምናት አፌን ስከፍት «እኔ ልስፈር» አለች። «ያንቺ እጅ ወደ እሱ ያደላል።» አንድ ለእኛ፣ አንድ ለእሱ፣ ጫፉን በእጇ እያስተካከለች ሰፈረች። አንድም ቁና አላጎደለችበትም። ስትጨርስ ነጠላዋን አራግፋ «ይሄ ሲያልቅ መንገድ እንደምንጀምር ግን አትርሺ» አለችኝ።

«አልረሳም።»

ከሁለቱም ድርሻ ዘር ለየን። ጥቅምትን ሙሉ ወንዝ ዳር ዋልን፤ ውሃው ክንድ ሲሸሽ ክንድ እየተከተልን፣ እግራችን ጉልበታችን ድረስ እየገባ ዘራን። እኔም ያኔ አብሬው ዘራሁ። ጊዜው ሌላ ነው፤ ወንዙ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ከፍታው ላይ ደግሞ ማሽላው ቆሟል። ደረቅ የረገጠ በሬ አለን ማለት ነው። አጎቴ እያደር ሳቁ ተመለሰ። ጭቃ ውስጥ ወድቄ ስነሳ «አየሽ፣ የአሮጌ በሬ ልጅ መዋኘት አይችልም» ይለኛል።

ቤት ግን ጎተራው እየጎደለ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት በጣቷ አንጓ ጎኑን ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ በየሳምንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ማሽላውን ወፍ ተካፈለን፤ የተረፈችው ትንሽ አቆየችን። እናቴ ወሎ ይዛው የምትሄደውን ልብስ አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠች። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። እሷ ልብስ ስታጣጥፍ እኔ ዶማዬን አነሳለሁ። ያ ነበር መልሴ።

ታህሣሥ አጋማሽ ላይ አጎቴ የበቆሎ እሸት በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ባሮ የተወው ጭቃ እንዲህ ያለ ፍሬ እንደሚሰጥ ቢነገረኝ አላምንም ነበር። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሷ ጠፋት፤ ደግነቱ ወዲያው አገኘችው። «ጥሬውን ነው የምታሳዩኝ ወይስ ትጠብሳላችሁ?»

እናቴ ግን እሸት አይታ አላመነችም። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወንዝ ዳር ድረስ በእግሯ ወረደች። በማሳው መሃል ከዳር እስከ ዳር አለፈች፣ እዚህም እዚያም ቅርፊቱን ገለጥ እያደረገች ፍሬውን በጥፍሯ ፈተነች። ከእሷ የሚበልጠው አገዳ ውስጥ ስትገባ የሚታየን የአገዳው መወዛወዝ ብቻ ነው። እኔና አጎቴ ዳር ቆመን ጠበቅናት። ስትወጣ «ግማሹም ያደርሳል» አለች። 

ቤት ስንመለስ ማጭዱን ከግድግዳው ላይ አወረደች። «መንገድ ዳር ያለው ረጅሙ ሣር በበጋው እሳት ተቃጥሏል?» ብላ ጎረቤታችንን ጠየቀች። ገና ነው አለቻት። እናቴ ማጭዱንና ገመድ ይዛ ወጣች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከራሷ የሚበልጥ የሣር ሸክም ተሸክማ ገባች። በሚቀጥለው ቀን አጎቴን ጣሪያው ላይ አወጣችውና አሮጌውን ሣር አስነቅላ፣ አዲሱን ከታች ቆማ አቀበለችው።